ከባሶ ወደ ጉድሩ የሚያሻግሩ የድሮ የአባይ መሻገሪያዎች፦ ቦታውንና አቅኚውን ቤተሰብ በምን እናረጋግጥ?

የሊበን ታሪክ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ምሥራቅ ጎጃም፣ ባሶ ሊበን፣ ከየጁቤ ወደ አባይ ቆላ በሚወርደው መንገድ ግርጌ ስላለ አንድ የድሮ መሻገሪያ ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ጽሑፍ እየተዘጋጀ ነው፤ ከ20 ገጽ አይበልጥም። የአገሩ ሽማግሌዎች ቦታውን በአንድ ቤተሰብ ስም «የእነ እገሌ መሻገሪያ» ይሉታል። ቤተሰቡ ቦታውን አቀና፣ ታንኳ አበጀ፣ ነጋዴ አሻገረ፣ ቀረጥም ተቀበለ ነው የሚባለው። ተወላጆቹ ዛሬም ስላሉ ስሙን እዚህ አልጻፍሁትም።

የምጠይቃችሁ አራት ነገር ነው። በምን ነበር የሚሻገረው? ቤተሰቡ የመሻገሪያው ባለቤት ነበር ብሎ መጻፍ ይቻላል ወይ? ከአቅኚው እስከ ዛሬ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል፤ ይህን ወደ ዓመተ ምሕረት እንዴት እንመልሰው? በመጨረሻም ጎጃም ዳር ላይ «መሻገሪያው ይህ ነው» እየተባሉ የሚጠቆሙ ሁለት ቦታዎች አሉ፤ መካከላቸው 300 ሜትር ያህል ነው። የቱን እንመን?


ጠፍርና መጫኛ

ከአራተኛው ጥያቄ ልጀምር፣ ሌላው ከእሱ ይከተላል። ሁለቱም ሳይሆኑ አይቀሩም። በዋና የሚሻገሩበት ቦታ በእያንዳንዱ ዳር መነሻና መድረሻ አለው፤ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ አይገጥሙም።

ሒሳቡን እዩት። ጭነት እየገፋ የሚዋኝ ሰው በሰከንድ ግማሽ ሜትር ከሄደ ጎበዝ ነው። ወንዙ 80 ሜትር ቢሰፋ 160 ሰከንድ ይፈጅበታል። ውሃው በሰከንድ 1 ሜትር ከሮጠ በዚያው ጊዜ 160 ሜትር ወደ ታች ይወስደዋል። ማዶ የሚወጣው እንግዲህ ከተነሣበት 160 ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። ከወጣበት ቦታ ሳይንቀሳቀስ ተመልሶ ቢገባ እንደገና 160 ሜትር ይወርዳል፤ ወደ ጎጃም ዳር የሚመለሰው መጀመሪያ ከገባበት 320 ሜትር በታች ይሆናል። ያንተ 300 ሜትር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ላይኛው መግቢያ፣ ታችኛው መውጫ ነው ብለህ ጀምርና መሬቱ ላይ አጣራው።

ማጣሪያው ይህ ነው። በበጋ፣ ውሃው ሲጎድል ውረዱ። መግቢያው ላይ ጭነት የሚፈታበትና የሚታሰርበት ደልዳላ ቦታ መኖር አለበት። መውጫው ደግሞ ረዘም ያለ የጠጠር ወይም የአሸዋ ዳር ይፈልጋል። ርዝመቱም ምክንያት አለው፦ ውሃው በሰከንድ ከ1 ሜትር ወደ 1.3 ሜትር ቢፈጥን ዋናተኛው 48 ሜትር ተጨማሪ ይወርዳል። ጠጠሩ ያንን ያህል ካልተረፈ ቀጥሎ የሚጠብቀው ገደል ወይም ፏፏቴ ነው። የተቆረጠ፣ ቀጥ ያለ የአፈር ዳርም አይሆንም፤ በቅሎና በሬ መውጣት ስለማይችሉ እዚያው እየተንደፋደፉ ይቀራሉ። ከሁለቱም ቦታ ወደ ደጋ የሚወጡት መንገዶች ከፍ ብለው የሚገናኙ ከሆነ ነገሩ ተረጋገጠ ማለት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ጠጠሩ በየክረምቱ ይንቀሳቀሳል። የሙላቱ ውሃ አንዱን ዳር ይበላና ሌላው ላይ ደለል ይጥላል። የመሻገሪያ ስም ለአንድ ነጥብ ሳይሆን ለተወሰነ የወንዝ ርዝመት የተሰጠ ስም ነው ብላችሁ ያዙት። ካርታ ስትሠሩም ነጥብ አታድርጉ፤ መስመር አድርጉ።

አሁን በምን ይሻገሩ ነበር ወደሚለው። ከአባይ ውሃ አብዛኛው የሚወርደው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ስለሆነ በነዚያ ወራት ቆላው ላይ መንገድ ዝግ ነው። በበጋ ውሃው እጅግ ሲጎድል በእግር የሚታለፍባቸው ቦታዎች አሉ። በመካከሉ ባሉት ወራት፣ ውሃው ለእግር ጠልቆ ለዋና ግን ሲመች፣ ሥራው የጀንዲ ነው።

ጀንዲ ሙሉ የበሬ ቆዳ ነው፤ ያው ለመኝታ የሚነጠፈው። በደንብ የለፋና ቅባት የጠጣ መሆን አለበት። ወንዙ ዳር ይዘረጋና መሐሉ ላይ ቅጠልና ሣር ይነጠፋል፤ ከሥር ሰርጎ የሚገባው ጥቂት ውሃ ጭነቱን እንዳያገኘው ነው። ከባዱ ጭነት መካከል፣ ቀላሉ ዙሪያውን ይደረጋል። ከዚያ ጠርዙ ተሰብስቦ በጠፍር ይታሰራል፤ አፉ ወደ ላይ ክፍት ሆኖ የትልቅ አገልግል ቅርጽ ይይዛል። አንዱ ዋናተኛ ከፊት ገመዱን ይስባል፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ከኋላ እየገፋ አቅጣጫውን ያቃናል።

የሚሸከመው ውሃ ውስጥ የገባው አካሉ በሚያፈናቅለው ውሃ ልክ ነው። አፉ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ሥሩ የክብ ግማሽ የሚመስልና 40 ሳንቲ ሜትር የሰመጠ ጀንዲ 130 ኪሎ ገደማ ይችላል፤ አንድ ሰው ከነጓዙ ወይም የአንድ በቅሎ ጭነት ማለት ነው። ከውሃው በላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ጠርዝ መትረፍ አለበት። ያንን ስንዝር ለማትረፍ ሲባል ጭነቱ በሁለት ይከፈላል፣ ምልልሱም ይጨምራል። ስስታም ነጋዴ አንድ ምልልስ ሊያተርፍ ብሎ ሁሉንም የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። ደርቆ የቆየ ቆዳ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ከመታሰሩ በፊት መንከርና ሞራ መቀባት ያስፈልጋል። ሲገፈፍ ቢላ የነካው ቆዳ ባዶውን ደህና ይመስልና ጭነት ሲወጥረው ያፈሳል። ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የማያስበው፣ ጠፍሩ ነው፦ ደረቅ ጠፍር ውሃ ሲነካው ይለጠጣል፣ ዳር ላይ ጠብቆ የታሰረው ወንዙ መሐል ላይ ይላላል። ስለዚህ ጠፍሩ አስቀድሞ ይነከርና እርጥብ ሳለ ይታሰራል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሆነ ጽሑፋችሁ ላይ ግለጹት፤ ለአሞሌ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርደው ዋና ሸቀጥ አሞሌ ጨው ነበር። ጨው ደግሞ ከረጠበ አለቀ። ቡና ቢረጥብ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ የዝሆን ጥርስ ውሃ አይጎዳውም፤ አሞሌ ግን ጠርዙ ከተበላ በገንዘብነቱ አይቀበሉትም። የአሻጋሪ ሙያ የሚለካው አሞሌን ደረቅ አድርሶ እንደሆነ ነው።

ከጀንዲ ሌላ የተነፋ ስልቻና ቅልም ይሠራበታል። ሆዱ ሳይሰነጠቅ የተገፈፈ የፍየል ቆዳ እግሮቹ ታስረው በአንገቱ ይነፋል። 30 ሊትር አየር የያዘ ስልቻ ከ30 ኪሎ ትንሽ ያነሰ ይሸከማል፤ ስድስቱን ከእንጨት ጋር ቢያስሩ የእንጨቱ ክብደት ተቀንሶ ሁለት ሰው በደህና ያሻግራል። አፉ ላይ ያለው ቋጠሮ ከላላ ግን ሳይታወቅ ይሟሽሻል፣ አንዱ ወገንም ያዘነብላል።

ከብቱ ጭነቱ ወርዶለት ራሱ ይዋኛል። የበቅሎውን ልጓም የያዘው ሰው ከበቅሎው በታች በኩል ሆኖ አንገቱን ቀና ያደርጋል። በቆላው አባይ አዞ አለ፤ ስለዚህ ተነጣጥሎ መግባት የለም፣ በአንድነት፣ በጩኸትና ድንጋይ እየወረወሩ ነው። ጠመንጃ ያለው ይተኩሳል።


ምንዝር

ከላይ የተሰጠው መልስ ግሩም ነው። እኔ ስለ ቤተሰቡ ልናገር፤ «ባለቤት» የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ጠቅልሎባችኋል። መሬቱ፣ ኬላውና ሙያው የየራሳቸው ባለመብት ነበራቸው።

መጀመሪያ ኬላው። ቀረጥ የገዢው ነው። ባሶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎጃም ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር፤ ከቦንጋና ከጅማ በሰቃና በጉድሩ አሰንዳቦ በኩል የሚመጣው ሲራራ አባይን ተሻግሮ የሚያርፈው እዚያ ነው፣ ከዚያም ወደ ጎንደርና ወደ ምፅዋ ይቀጥላል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1830ዎቹ አጋማሽ በኛ አቆጣጠር የጁቤ ተቀምጦ የነበረውም በዚህ ገበያ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ መንገድ ላይ የሚሰበሰብ ቀረጥ ለአንድ የቆላ ቤተሰብ አይለቀቅም። ቤተሰቡ ኬላ ጠባቂ ሆኖ ተሹሞ ሊሆን ይችላል፤ ያ ሹመት ነው፣ ገዢ ሲለወጥ ይለወጣል። አሻጋሪው ከነጋዴው የሚቀበለው ዋጋ ደግሞ የድካም ዋጋ ነው። ሽማግሌዎቹን «ቀረጥ ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ማን ይቀበል ነበር፣ ለማን ያስገባ ነበር፣ ያልከፈለ ምን ይሆን ነበር?» በሉ። ያልከፈለ በግድ የሚያዝ ከሆነ ቀረጥ ነው። ያልከፈለ ሰው ዝም ተብሎ በራሱ እንዲዋኝ የሚተው ከሆነ የአሻጋሪ ዋጋ ነው።

ኬላውን ወንዙ ዳር ላይ አትፈልጉት። ቆላው ንዳድ ስላለበት ሰው እዚያ አያድርም፤ አሻጋሪዎቹም ቢሆኑ ቤታቸው ወገቡ ላይ ወይም ደጋው ጠርዝ ላይ ነው፣ ወደ ወንዙ ለሥራ ይወርዳሉ። ኬላ የሚቆመው መንገዱ ጠቦ ማለፊያ በሌለበት፣ ነፋሻ ቦታ ላይ ነው።

ሁለተኛ መሬቱ። የአቅኚው ቤተሰብ እውነተኛ አሻራ የሚገኘው እዚህ ነው። በጎጃም ርስት አገሩን መጀመሪያ ያቀናው ዋና አባት ይባላል፤ አገሩ በልጆቹ ስም ይከፈላል፣ እነሱ ምንዝር አባት ናቸው። በእያንዳንዱ ምንዝር ስም የተወላጁን ጉዳይ የሚያስፈጽም ፈጅ አለ። ጭቃ ሹምነትም በተራ የሚዞር ነበር። እንግዲህ «የእነ እገሌ መሻገሪያ» ሲባል ያ እገሌ ዋና አባቱ ነው፣ ምንዝር አባት ነው ወይስ በቅርቡ የነበረ ስመ ጥር ዋናተኛ ነው? መልሱ የመቶ ዓመት ልዩነት ያመጣል። ስሙ ከመሻገሪያው ሌላ ለእርሻ መሬት ክፍፍልም የሚጠራ ከሆነ፣ ማለትም «የእገሌ ድርሻ» የሚባል መሬት ከወንዙ ርቆም ካለ፣ ሰውዬው አባት ነው። ስሙ ወንዙ ዳር ብቻ ከቀረ ዋናተኛ ነው።

ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠራል። ስለዚህ የአንድ አቅኚ ተወላጅ አንድ ቤተሰብ አይሆንም፤ በየደብሩ የተበተነ ብዙ ሰው ነው፣ አንድ ሰውም በብዙ አባቶች ስም ርስት ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ለእናንተ ትልቅ ጥቅም አለው። ከአንድ ቤት ብቻ ትውልድ ካስቆጠራችሁ የምታገኙት ያ ቤት መሬት ያገኘበትን መስመር ነው፤ መሬት ያላመጣ አያት ከቆጠራው ይወድቃል፣ ሴቶቹ በተለይ። ዘዴው ይህ ነው፦ እርስ በርስ የማይማከሩ ሦስት ቅርንጫፎችን ለየብቻ አስቆጥሩ፣ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ በእናት የሚቆጥር ይሁን። ሦስቱ የሚገናኙበት ስም ላይ ስትደርሱ ቁሙ። ከዚያ በላይ ያለው ስም በአብዛኛው ለመሬት ክፍፍሉ የሚመች ቅደም ተከተል እንጂ ልደት በልደት የተያዘ አይደለም። የርስት ሙግት ያየ ሽማግሌ ካገኛችሁ እሱን አስቀድሙ፤ በሙግት ጊዜ የተሳሳተ ቆጠራ ተቃዋሚ ስለሚያርመው የተፈተነ ነው። የርስት ሥርዓቱ ያበቃው በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው፤ ከዚያ በፊት ለአቅመ ሙግት የደረሰ ሰው ዛሬ ሰባ ዓመት ያለፈው ነው። ይህን ሥራ ለከርሞ አታሳድሩት።

ሦስተኛ ሙያው። ዋናና ጀንዲ ማሰር ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ ነው፣ ርስት አይደለም። አንድ ቤተሰብ በሙያው ታውቆ መሬቱ የሌላ ሊሆን ይችላል። ጽሑፋችሁ ሁለቱን በየምዕራፋቸው ቢለይ ለተወላጆቹም ፍትሕ ነው።

ለጽሑፍ ማስረጃ ደብሩን ጠይቁ። አገር ያቀና አባት ታቦት አስገብቷል ተብሎ የሚነገርበት ደብር ይኖራል። የመሬት ስጦታና ክፍፍል በወንጌሉ ዳርቻና ባዶ ገጾች ላይ የሚጻፍበት ልማድ አለ። መጽሐፉን የሚያወጣው ቄሰ ገበዙ ነው፤ ፈቃዱ ከአለቃው ይጀምራል። ቀኑን በበዓል ላይ አታድርጉት። ፎቶ ከተፈቀደ ያለ ብልጭታ፣ በቀን ብርሃን፣ ዳርቻው ሳይቆረጥ ይነሣ፤ የምትፈልጉት ዳርቻውን ነውና። ካልተፈቀደ ካህኑ ያንብቡላችሁ፣ እናንተ ጻፉ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡ የገዳማትና የአድባራት መጻሕፍት ቅጂ አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ስላለ የደብራችሁ መጽሐፍ እዚያ እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር እንዳትዘሉ እለምናችኋለሁ። በዚያ መሻገሪያ አሞሌና ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ብቻ አላለፈም። ባርያ ተብለው የተነዱ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ልጆች፣ በዚያው ጀንዲ ተሻግረው ባሶ ገበያ ላይ ተሸጠዋል። አገር ውስጥ የባርነት ንግድን ለመግታት አዋጅ የወጣው በ1916 ዓ.ም.፣ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። የትምህርት ቤት ጽሑፍ ስለሆነ ይቅር የሚል ይኖራል። ስለ ትምህርት ቤት ነው መጻፍ ያለበት።


የሊበን ታሪክ

እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ነገር ግን፦ ሽማግሌዎቹ ሁሉ «ታንኳ» ነው የሚሉት፣ ጀንዲ የሚል ቃል ካልተጠየቁ አያነሡም። ከጣና ሰው መጥቶ ታንኳ ሠርቶ ይሆን?


ደንገል

የሚሆን አይመስለኝም። ምክንያቱ በታንኳው አሠራር ውስጥ ነው።

የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል ረግረግና ረጋ ያለ ውሃ ይፈልጋል፤ የሐይቁ ዳር ይመቸዋል፣ በየክረምቱ በሙላት የሚጠረግ የቆላ ገደል ግን አያበቅለውም። ግንዱ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ውስጡ ስፖንጅ የመሰለ ቀላል ነገር ነው፤ የሚንሳፈፈው በዚያ ነው። ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይጠወልጋል፣ በነዶ በነዶ እየተደረገ በልጥ ገመድ ይታሰራል፣ ነዶዎቹ ጎን ለጎን ተሰፍተው ወለል ይሆናሉ፣ ዳርና ዳሩ ከፍ ይደረጋል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ውሃ በወለሉ ውስጥ ይገባል፤ ጉድለት አይደለም፣ አሠራሩ እንዲያ ነው። ታንኳው የሚንሳፈፈው እንደ ጀልባ ውሃ በመከልከል ሳይሆን በደንገሉ ቅለት ነው። ተሳፋሪውና ጭነቱ እንዳይረጥብ ውስጡ ሌላ ልቅ የደንገል ንጣፍ ይገባለታል። የሚነዳው በረጅም እንጨት ወይም በቀርከሃ ነው።

ድክመቱ ውሃ መጠጣቱ ነው። ከሥራ በኋላ ከውሃ ወጥቶ፣ ቆሞ ካልደረቀ ይከብዳል፤ በወራት ውስጥም ይበሰብሳል፣ ሌላ ይሠራል። ስለዚህ ታንኳ ያለው ቦታ ሁሉ አጠገቡ ደንገል መኖር አለበት። ከሐይቁ ተሸክሞ ቆላ ማውረድ፣ ከወራት በኋላ ደግሞ እንደገና ማውረድ ለነጋዴ አያዋጣም። ፈጣንና ድንጋያማ ውሃ ላይም ደንገሉ ይፈተፈታል።

የታንኳ ሥራ ባለቤቶች ወይጦዎች ናቸው፤ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ያለው ይህ ሙያ በእነሱ እጅ ኖሮ የመጣ ነው፣ ለብዙ ዘመንም ሲናቁበት የኖሩበት ነው። ታሪኩ በሚጻፍበት ቦታ ሁሉ ስማቸው ቢጠራ እወዳለሁ። ግን ባልነበሩበት መሻገሪያ ላይ ማስገባት ለእነሱም አይጠቅምም።

ሽማግሌዎቹ አልዋሹም። በአማርኛ ታንኳ ሰው ውሃ ላይ የሚሻገርበት ነገር ሁሉ ስም ሆኗል። «ታንኳው ከምን ይሠራ ነበር? ማን ያስረው ነበር? ከተሻገሩ በኋላ ወዴት ይገባል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ቤት ገብቶ ይነጠፋል» ካሉ ጀንዲ ነው።

ስለ ስም ካነሣን፣ ማዶ ያሉትንም ጠይቁ። በኦሮምኛ መሻገሪያ መልካ ነው። አንዱ ቦታ ከጎጃም ወገን በአንድ ስም፣ ከጉድሩ ወገን «መልካ» ብሎ በሚጀምር በሌላ ስም ሊታወቅ ይችላል። የጎጃሙን ስም ብቻ ይዛችሁ የድሮ ካርታ ላይ ብትፈልጉ ላታገኙት ትችላላችሁ፣ ካርታው የማዶውን ስም ይዞ ይሆናል። የአሻጋሪው ሙያም በሁለቱም ዳር ነበር፤ ማዶ የሚቀበል ሰው ከሌለ ጀንዲ አይሳብም። የአቅኚ ቤተሰብ ታሪክ በግማሽ ወንዝ አይጻፍም።


ቅስት

ከላይ ያሉትን ደግፌ አንድ ልጨምር፣ «ድልድይም ነበረ» የሚል ሰው ስለማይጠፋ።

ድልድይና ዋና አንድ ቦታ አይፈልጉም። ጠፍርና መጫኛ እንዳሉት ዋናተኛ ሰፊና ረጋ ያለ ውሃ ይመርጣል። የድንጋይ ድልድይ ግን ወንዙ በአለት መካከል ተጨምቆ በሚያልፍበት ጠባብ ቦታ ላይ ነው የሚቆመው፤ ቅስቱ አጭር እንዲሆንና እግሩ አለት ላይ እንዲያርፍ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩት ሁለቱ የአባይ ድልድዮች፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ የተሠራው የአላታ ድልድይና በአፄ ፋሲል ዘመን በሞጣ በኩል ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኘው፣ ሁለቱም እንዲህ ባለ ቦታ ናቸው። ባሶ ሊበን ግርጌ ላይ አለት ያጠበበው ቦታ አጠገብ የድሮ ግንብ ፍርስራሽ ካለ ለብቻው ይመርመር፤ በዋና ከሚሻገሩበት ቦታ ጋር አትቀላቅሉት።

የሞጣው ድልድይ በጣልያን ወረራ ዘመን አንዱ ቅስት ከፈረሰ በኋላ ሰባራ ድልድይ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ለስድሳ ዓመት ያህል ሰው የተሻገረው በገመድ ነው፦ መንገደኛው ገመዱ ወገቡ ላይ ይታሰርና በክፍተቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይሳባል፤ በያንዳንዱ ወገን እስከ አሥር ሰው ይይዛል። የአሻጋሪ ሙያ ዋና ብቻ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል። በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱ ላይ የብረት ድልድይ ተሠራ፣ ብዙም ሳይቆይ ሙላት ወሰደው፣ ኋላ ለእግረኛ የሚሆን ተንጠልጣይ ድልድይ ሌላ ቦታ ላይ ከፍ ተደርጎ ተሠራ። የብረቱ ድልድይ መወሰድ ምክንያት ለተማሪ መነገር ያለበት ነው፦ በጠባብ አለት መካከል ያለ ውሃ ወደ ጎን መስፋት ስለማይችል በክረምት ሽቅብ ይነሣል። ድልድይ ሠሪ ጠባቡን ሲመርጥ በርዝመት ያተረፈውን በከፍታ ይከፍላል።

የእናንተን መሻገሪያ ገበያ ያሳጣው ግን ከጎሐ ጽዮን አባይን አቋርጦ ወደ ደጀን የሚያልፈው የመኪና መንገድ ነው። ከዚያ በኋላ ከባድ ጭነት በቆላ መንገድ የሚያስኬድ ምክንያት አልነበረም። ዛሬ እዚያ ላይ ያለው አዲሱ ድልድይ 303 ሜትር ይረዝማል፣ የመካከሉ ክፍት 145 ሜትር ነው፤ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተከፈተ።


ባሕረ ሐሳብ

ስለ ሰባቱ ትውልድ። አንድን ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት ብትይዙ ሰባት ትውልድ ከ175 እስከ 210 ዓመት ነው። ዛሬ ካለው ተወላጅ የልደት ዓመት ተነሡ እንጂ ከዛሬ አትነሡ፤ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ከሆነ ከዛሬ መነሣት ብቻውን የሰባ ዓመት ስሕተት ያመጣል። በ1945 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ሰባተኛ አያቱ ከ1735 እስከ 1770 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ተወለደ ማለት ነው። ጽሑፉ ላይ አንድ ዓመት አትጻፉ፤ ከዚህ እስከዚህ ብላችሁ ጻፉ። «ሰባት» የሚለው ቁጥር ራሱም በልማድ የሚወደድ ቁጥር ስለሆነ ከላይ «ምንዝር» የተባሉት መላሽ በነገሩን የሦስት ቅርንጫፍ ዘዴ ይፈተን።

ከዚያ በሚታወቅ ድርጊት ላይ አስሩት። «በእገሌ ጊዜ ጦር ተሻገረ» የሚል ቃል ካገኛችሁ በባሶ ሊበን በኩል መጀመሪያ የሚታሰበው የእምባቦ ዘመቻ ነው፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አባይን ተሻግረው ጉድሩ ላይ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው የተማረኩበት። ያ በአውሮፓ አቆጣጠር ጁን 6 ቀን 1882 ነው። ይህን ዛሬ በለመድነው ልዩነት ብትመልሱት ግንቦት 29 ይመጣላችኋል፤ ትክክሉ ግን ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መስከረም 1 የሚውለው በሴፕቴምበር 10 ነበር፤ ወደ 11 የተዛወረው በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1900 በኋላ ነው፣ እነሱ ያን ዓመት ፌብሩዋሪ 29ን ስላልጨመሩ። የተጓዦችን ማስታወሻ ወደ እኛ ቀን የምትመልሱ ከሆነ ይቺን አንድ ቀን አትርሱ። ወሩንም ልብ በሉ፣ ግንቦት ማለቂያ ነው፦ አባይ ሳይሞላ የሚሻገሩበት የመጨረሻው ጊዜ። የተሸነፈ ጦር ወደ ጎጃም ለመመለስ የነበረው ቀን ትንሽ ነው፣ አሻጋሪው የሚፈለገውም ያኔ ነው። ሽማግሌዎቹን ስለ መሄዱ ብቻ ሳይሆን ስለ መመለሱ ጠይቁ።

ስሞች ሲደጋገሙ ደግሞ አትቸኩሉ። አንድ ሰው የዓለም ስም፣ የክርስትና ስምና የፈረስ ስም ሊኖረው ይችላል፤ ሲሾምም ይለወጣል። ራስ አዳል ተሰማና ከ1873 ዓ.ም. ወዲህ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተባሉት አንድ ሰው ናቸው። ደብሩ መጽሐፍ ላይ ያለው የክርስትና ስሙ ነው፣ ሽማግሌዎቹ የሚጠሩት የዓለም ስሙን ነው። ሁለት አባት መስለው ትውልዱን አንድ እርከን ሊያስረዝሙባችሁ ይችላሉ። ስም በስም የሚጻፍ ሠንጠረዥ አዘጋጁ፦ አንድ ዓምድ ለዓለም ስም፣ አንድ ለክርስትና ስም፣ አንድ ለፈረስ ስም፣ አንድ ለርስቱ፣ አንድ «ማን ነገረን» ለሚለው። የመጨረሻውን ዓምድ ባዶ ያደረገ ረድፍ ወደ ጽሑፉ አይግባ።